ክኒኑ ካልሠራ አንጀቱም ይታይ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ደም ማነስ ያወጣችሁት ጽሑፍ የአይረን ክኒን አወሳሰድን በደንብ ያስረዳል። ክኒኑን በአግባቡ ወስደው ለውጥ ስለማያዩ ሰዎች ግን ምንም አይልም። ከእነዚህ መካከል ሴሊያክ የሚባለው የአንጀት ሕመም ያለባቸው ይገኛሉ።

አይረን በዋናነት ወደ ሰውነት የሚገባው በትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ነው። እዚያ ባሉ ሴሎች ላይ ዲኤምቲ1 የተባለ ፕሮቲን አይረኑን ተቀብሎ ያስገባል። ፌሮፖርቲን የተባለው ደግሞ ከሴሉ አውጥቶ ለደም ያስረክባል። ሴሊያክ ባለበት ሰው፣ በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሰውነትን መከላከያ ቀስቅሶ ይህንኑ ቦታ ያስጎዳል። የሚገርመው፣ የታማሚዎችን የአንጀት ናሙና ያዩ ጥናቶች እነዚህ ፕሮቲኖች ጨምረው አግኝተዋል። አይረን ያጠረው ሰውነት በሮቹን ያበዛል፤ በሮቹ የሚቆሙበት ግድግዳ ግን ፈርሷል። ግሉተን ሳይቆም የክኒኑን መጠን መጨመር ብዙም የማይፈይደው ለዚህ ነው።

«እኛ ጤፍ በላተኞች ነን» የሚል አይጠፋም። ጤፍ ግሉተን እንደሌለው እውነት ነው። ዳቦው፣ ፓስታውና ቂንጬውስ?

የአሜሪካ ጋስትሮኢንተሮሎጂ ማኅበር በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ በአይረን እጥረት ደም ያነሳቸውና ሴሊያክ የሚጠረጠርባቸው አዋቂዎች መጀመሪያ በደም ምርመራ እንዲታዩ ይመክራል። የእኛም ሐኪሞች ክኒን ያልሠራለትን ሰው መጠኑን ከመጨመራቸው በፊት ቲቲጂ የተባለውን የሴሊያክ የደም ምርመራ ቢያዙለት ጥሩ ነው። እናንተም በቀጣዩ እትም አንድ ማሳሰቢያ ጨምሩ፦ ከምርመራው በፊት ዳቦ ማቆም ውጤቱን ሊያዛባ ይችላል።