የእማዬ ብርቱካንና ዘጠኙ እንቁላሎች

ሐይቅ፣ ወሎ
ኅዳር 24 ቀን

ይድረስ ለአብሮ አደጌ ለዘሀራ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔና ልጆቼ አምላክ ይመስገን ደኅና ነን። ከጻፍኩልሽ አራት ዓመት አለፈ። ምክንያቱን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ የእናትሽን ለቅሶ አልደረስኩም። ያን ጊዜ ማሙሽን ወልጄ ደሴ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። ከተነሣሁ በኋላ ግን መምጣት እችል ነበር። ዛሬ ነገ ስል ወሩ አለፈ፤ ወሩ ሲያልፍ ዐይንሽን ለማየት አፈርኩ፤ እፍረቱም ከዓመት ዓመት እየከበደ ሄደ። ይቅር በይኝ። አላህ ይዘንላት፤ እኔንም አጉርሳ ያሳደገችኝ፣ ሁለታችንም እማዬ የምንላት እናቴ ናት።

ዛሬ የምጽፍልሽ ከአንቺ በቀር ለማንም ብነግረው የማይገባው ነገር ስላገኘሁ ነው።

እማዬ ጠዋት ጠዋት የወተት ቆርቆሮ ሰጥታን ከብርቱካኑ ላይ ያንን የሚገማ አረንጓዴ ትል ታስለቅመን የነበረው ትዝ ይልሻል? ለዐሥር ትል አንድ እፍኝ ቆሎ ነበር ክፍያችን። በእንጨት ስትነኪው ከራሱ ኋላ ብርቱካንማ መንታ ቀንድ ብቅ ያደርጋል፤ አንቺም «ምላሱን አወጣብኝ!» እያልሽ ትሸሺ ነበር። ለቅመን ስንጨርስ ቆርቆሮው ውስጥ ውኃ እንሞላበታለን። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሐይቁ ዳር ሮጠን ያንን ጥቁርና ቢጫ ትልቅ ቢራቢሮ ስናባርር ይመሽብናል። አንድ ቀን እንኳ ይዘን አናውቅም።

ዘሀራ፣ ትሉና ቢራቢሮው አንድ ናቸው። ጠዋት የገደልነውን ነበር ከሰዓት በኋላ ስናሳድድ የምንውለው።

ያወቅሁት በልጆቼ ምክንያት ነው። ግቢዬ ውስጥ ያለው ብርቱካን ስዳር እማዬ ከራሷ ጓሮ ነቅላ የሰጠችኝ ችግኝ ነው፤ አሁን ከጣሪያው በላይ ሆኗል። መስከረም 18 ቀን ትልቋ ልጄ ለጋ ቅጠሎች ላይ አንድ አንድ እየሆኑ የተጣበቁ፣ ከጤፍ ፍሬ ትንሽ የሚተልቁ፣ ክብ ቢጫ እንቁላሎች አገኘች። ዘጠኝ ነበሩ። አባታቸው መድኃኒት ሊረጭ ተነሥቶ ነበር፤ ልጅቷ ግን «ምን እንደሚሆኑ ልይ» ብላ ስታለቅስበት ተወላት።

ቅርንጫፉን ቆርጠን ውኃ ባለበት ጠርሙስ አቆምነው። ትሎቹ ገብተው እንዳይሰምጡ የጠርሙሱን አፍ በጥጥ ደፈንኩት። ከእንጨት የሣጥን አውታር ሠርተን ያረጀ አጎበር አለበስነው። ሌላው ሥራ በየቀኑ ትኩስ ቅጠል ማቅረብና ኩሳቸውን መጥረግ ብቻ ነው፤ እርሱን ደግሞ ልጆቹ ተጣልተው ነው የሚሠሩት። በጣት አይነኳቸውም፤ ትሉን ከነቅጠሉ እንዲያነሡት አስተማርኳቸው።

በሳምንቱ ስምንቱ ተፈለፈሉ። መጀመሪያ የበሉት የገዛ እንቁላላቸውን ቅርፊት ነው። ሲወጡ ጥቁር ሆነው ነጭ ጣል ያለባቸው፣ ልክ የወፍ ኩስ ነው የሚመስሉት። ማሙሽ ኩስ መስሎት አንዱን ሊጠርገው ነበር! ወፍም እንዲሁ ተታላ እንድታልፋቸው ነው የተሠሩት። ቆዳ እየቀየሩ ያድጋሉ፤ ለአራተኛ ጊዜ ሲቀይሩ ነው እኛ የምናውቀው አረንጓዴ የሚሆኑት። ሁለቱ ገና በመጀመሪያው ቆዳ ሞቱብን። ያ የምትሸሺው «ምላስ» ደግሞ ምላስ አይደለም፤ ጉንዳንን የመሰለ ጠላት በመጥፎ ጠረን የሚያባርሩበት መሣሪያቸው ነው።

ጥቅምት ማለቂያ ላይ መብላት አቁመው ይንከራተቱ ጀመር። ከዚያ የሆነውን ብታዪ! እያንዳንዷ ከአፏ ሐር አውጥታ የኋላ እግሯን ከእንጨቱ አጣበቀች፤ ከዚያ በወገቧ ዙሪያ አንድ ቀጭን መቀነት ታጠቀች። እውነቴን ነው፣ መቀነት ነው። በእርሱ ተደግፋ ቆዳዋን ለመጨረሻ ጊዜ ጣለችና ቢራቢሮ እስክትሆን ተሸፍና የምትቆይ ሙሽሬ ሆነች። በትምህርት ቤት ሙሽሬ የሚለውን ቃል ለፈተና ስንሸመድድ ማን ቀና ብሎ ዛፉን አየ? አረንጓዴ ቅርንጫፍ ላይ የታጠቁት አረንጓዴ ሆኑ፤ የሣጥኑ እንጨት ላይ የወጡት ሁለቱ ደግሞ እንደ እንጨቱ ቡናማ።

አንዷ ከቀን ወደ ቀን ጠቆረች። አንድ ጠዋት ጎኗ ላይ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ተገኘ፤ ከውስጡም ደቃቃ ተርቦች ይወጣሉ፣ ብዙ ናቸው። ገና ለስላሳ ሳለች፣ አጎበሩን ገልጠን በተውንበት ቀን፣ ተርቧ እንቁላሏን ጥላባት ኖሯል። ማሙሽ አምርሮ አለቀሰ። እኔም አዝኛለሁ፤ ነገር ግን ተርቦቹን እንዲገድል አልፈቀድኩለትም። እነርሱ ባይኖሩ እማዬ በእኛ ቆርቆሮ ብቻ ያን ሁሉ ዛፍ አታድንም ነበር። እንደ እኔ ከሆነ ያደገ ዛፍ ጥቂት ትል ቢበላው አይጎዳም። ችግኝ ከሆነ ደግሞ መልቀም እንጂ መርጨት አያስፈልግም፤ እማዬ ትክክል ነበረች።

ኅዳር 17 ከማለዳው የመጀመሪያዋ ወጣች። ከዋዜማው ጀምሮ የክንፏ ጥቁርና ቢጫ በሽፋኑ ውስጥ ይታይ ነበር። ስትወጣ ክንፏ የተጨማደደ እርጥብ ጨርቅ ነበር፤ ቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥላ ከሰውነቷ ፈሳሽ እየገፋች ቀስ በቀስ ዘረጋችው። ቀላ ያለ ጠብታ ስትጥል ልጆቹ ደም መስሏቸው ደነገጡ፤ በሙሽሬነቷ የተጠራቀመ ቆሻሻ ነው አልኳቸው። የምትመጥበት ቱቦም ሁለት ክር ሆኖ ነው የወጣው፤ እየጠቀለለች እየፈታች አንድ ላይ ገጠመችው። የኋላ ክንፏ ላይ ቀይና ሰማያዊ ዐይን የመሰለ ነጠብጣብ አለ። ያን ሁሉ ዘመን ስናባርራት አንድ ጊዜ እንኳ አላየነውም።

እስካሁን አራት ወጥተዋል። አራቱንም ልጆቹ ተሸክመዋቸው ሐይቁ ዳር ለቀናቸው፤ አንቺ እግርሽን ትታጠቢበት ከነበረው ድንጋይ አጠገብ። አንዷ ቡናማ ቀርታለች። ትናንት ደግሞ አንዲት ቢራቢሮ ብርቱካኑ ላይ መጥታ ቅጠሉን በፊት እግሮቿ ስትደበድብ አየሁ፤ እንቁላል የምትጥልበትን ቅጠል የምትለየው በእግሯ ቀምሳ ነው። ከለቀቅናቸው አንዷ ትሁን አትሁን አላውቅም። እማዬ ብታይ ምን ትል ነበር እያልኩ እዚያው ቆሜ ቀረሁ፤ ከዚያ ገብቼ ይህን ደብዳቤ ጀመርኩ።

አዲስ አበባ ግቢሽ ውስጥ ሎሚ አለሽ አይደል? ለጋ ቅጠሉን ከላይ በኩል ተመልከቺው። የወፍ ኩስ የሚመስል ነገር ካየሽ እንዳትጠርጊው፤ ጻፊልኝ።

አብሮ አደግሽ