አርባው ላይ አትምጪ ያልኩሽ ለምን እንደሆነ

የኔ ልጅ እንዴት አመሸሽ፣ የጉድፉ ትኩሳት ትንሽ ቀለል አለሽ? ቅድም ስልክ ላይ ስናወራ የኔም ድምፅ ከፍ አለ አንቺም አለቀስሽ እናትሽም ስልኩን ከእጄ ወሰደችው፣ በደንብ ሳንነጋገር ተዘጋ። ቴሌግራም ላይ በቮይስ ልልክልሽ ሶስቴ ጀምሬ ሶስቴም አጠፋሁት፣ ሀሳቤ አልገጣጠም አለኝ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልፃፍልሽ አልኩ። ልደታ አሁን ከምሽቱ ሶስት ሰዓት ሆኗል፣ እናትሽ ተኝታለች፣ የእድሩ ሰዎች ዛሬ መጥተው ለእሁድ ድንኳኑ ግቢው ውስጥ የት እንደሚተከል አይተው ሄዱ።

የእናቴ አርባ ነው እኮ። ያንቺ አያት ከመሆኗ በፊት የኔ እናት ናት፣ ያን ቀን ከጎኔ እንድትቆሚ ከማንም በላይ የምፈልገው እኔ ነኝ። ለቀብሯ ፈቃድ አልሰጥ ብለውሽ መቅረትሽ እስካሁን እንደሚያንገበግብሽ አውቃለሁ፣ ለአርባዋ እደርሳለሁ ብለሽ ከለንደን ትኬት የቆረጥሽው በስንት ልፋት እንደሆነም አውቃለሁ። ስለዚህ አትምጪ ስልሽ አባቴ ልቡ ቀዝቅዞ ነው አትበዪ።

እስቲ ቀኑን አብረን እንቁጠር። ሽፍታው የጀመረሽ ሰኞ ነው፣ ዛሬ ረቡዕ ነው። ጠዋት በላክሽልኝ ፎቶ ሆድሽ ላይ ያሉት ውሃ ቋጥረዋል፣ ጀርባሽ ላይ ደግሞ ገና አዲስ ቀይ ቀይ ነጥብ እየወጣ ነው። ፍላይትሽ አርብ ማታ። ጉድፍ ደግሞ መጋባት የሚጀምረው ሽፍታው ከመታየቱ አንድ ሁለት ቀን ቀድሞ ነው፣ የሚያቆመው ደግሞ እያንዳንዷ ነጥብ ደርቃ ቅርፊት ስትይዝ ነው፣ አንዷ እንኳ ውሃ ካላት አላለቀም። ይሄ ብዙውን ጊዜ አምስት ቀን ገደማ ይፈጃል፣ አዲስ እየወጣ ከሆነ ደግሞ ይረዝማል። አርብ ማታ አንቺ ገና አላለቀልሽም ማለት ነው። ከህፃናት ማቆያው ልጆች እንደያዘሽ ነግረሽኛል፣ እንግሊዝ አገር የጉድፍ ክትባት እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በመደበኛው የልጆች ክትባት ውስጥ ስላልነበረ እዛ ልጆች ጋ የሚሰራ ሰው ላይ መድረሱ አይገርምም፣ እኛም አገር በመደበኛው ክትባት ውስጥ የለም።

ፊቴ ላይ ሶስት ብቻ ነው፣ ሻርፕ አደርጋለሁ፣ ማስክም አደርጋለሁ፣ ማንም አያየኝም አልሽኝ። ልጄ ይቺ "ማንም አያየኝም" የምትለዋ ነገር ናት ቅድም ድምፄን ከፍ ያደረገችው። ካየሁሽ ጀምሮ ነገር የምትደብቂ ልጅ አይደለሽም። የቸገረሽ ሀዘኑ እንደሆነ ይገባኛል።

የአውሮፕላን አየር ንፁህ ነው የሚለውን ፅሁፍም አነበብኩት። ውሸት አይደለም። ፊልተሩን በእጄ ስቀይር ነው 26 አመት የኖርኩት፣ ሄፓ የሚባለው ፊልተር በጣም ጥቃቅኑን ነገር ሳይቀር ከመቶው 99.97 ያህሉን ይይዛል፣ ካቢኑ ውስጥ ያለው አየር በየሁለት ሶስት ደቂቃው ይቀየራል፣ ግማሽ ያህሉ ከውጪ የሚገባ ነው ግማሹ ተጣርቶ የሚመለስ። አየሩም ከላይ ገብቶ እግር ስር ባለው ክፍተት እዛው ረድፍ አካባቢ ነው የሚወጣው እንጂ ከፊት እስከ ኋላ እየነፈሰ አይሄድም። በዚህ እኔ ራሴ እኮራበት ነበር፣ ሰው አውሮፕላን በሽታ ያመጣል ሲለኝ እከራከር ነበር። ግን ፊልተሩ የሚያጣራው እሱ ጋ የደረሰውን አየር ነው። ካንቺ አፍ ወጥቶ ፊልተሩ ጋ እስኪደርስ መሀል ላይ ሰው አለ፣ ከጎንሽ አለ ከፊትሽ አለ፣ ስምንት ሰዓት ገደማ ሙሉ እዛው ተቀምጦ አለ። ደሞ ሲስተሙ የሚሰራው ሲበራ ነው። በፈረንጅ 1977 አላስካ ውስጥ አንድ አውሮፕላን በሞተር ችግር መሬት ላይ ቆሞ ቀረ፣ ሰዎቹ ሶስት ሰዓት ያህል ውስጥ ሆነው ጠበቁ፣ የአየሩ ሲስተም ደግሞ ጠፍቶ ነበር። ከነሱ አንዷ ኢንፍሉዌንዛ ይዟት ነበር። 54 ሰው ነበር የተሳፈረው፣ በሶስት ቀን ውስጥ 72 በመቶው ታመመ። እኛ ይሄን ስልጠና ላይ ስንማር አስተማሪው ለምን ኤፒዩ (ጅራቱ ላይ ያለውን ትንሹን ሞተር ማለቴ ነው) ቶሎ እንዲሰራ እንደምንፈልግ ሊያስረዳን ነበር ያነሳው፣ እኔ ግን ከዛ ወዲህ የማስበው ሴትየዋን ነው። መንገዷን ልትሄድ እንጂ ሰው ልትጎዳ እኮ አልተሳፈረችም። በ2003 ደግሞ ሳርስ የያዘው አንድ ሰው ከሆንግ ኮንግ ቤጂንግ ሶስት ሰዓት በረረ፣ 22 ሰው ታመመ፣ ከነሱ ውስጥ ከሱ ብዙ ረድፍ ርቀው የተቀመጡም ነበሩ። ጉድፍ ሳርስ አይደለም አውቃለሁ፣ ግን ጉድፍም በአየር ይጋባል፣ ከብዙዎቹ በላይ በቀላሉ ይጋባል።

ላንቺም ቢሆን ጥሩ አይደለም። ለትልቅ ሰው ጉድፍ እንደ ልጅ ቀላል አይደለም ሳንባ ላይ ሊወጣ ይችላል፣ የካቢኑ ግፊት ደግሞ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለሽ ያህል ነው የሚደረገው፣ እንደ አዲስ አበባ በይው። እኛ ለምደነዋል፣ አንቺ ግን ስንት አመት ለንደን ሜዳ ላይ ኖረሽ ትኩሳት ይዞሽ መሀል ሰማይ ላይ ትንፋሽ ቢያጥርሽ ማን አለሽ።

አሁን ደግሞ ስትደርሺ የሚሆነውን ላስብልሽ፣ እኔ እንቅልፍ ያሳጣኝ ይሄኛው ነው። ቅዳሜ ጠዋት ቦሌ እናትሽ ቆማ አለች፣ ምን ብለሽ ነው አትሳሚኝ የምትያት? አንገትሽ ላይ ተጠምጥማ ነው የምታለቅሰው። ቤት ስትገቢ አክስቶችሽ በሙሉ አሉ፣ የለቅሶ ቤት ሰው እንደምታውቂው ጉንጭ ለጉንጭ ሳይገጥም አይለቅሽም፣ ደግሞ ቀብሩን ያልደረሰ ሰው ሲመጣ ለቅሶው እንደ አዲስ ነው የሚጀመረው። ምሳ በአንድ ትሪ ነው፣ ጉርሻ አለ። እሁድ ድንኳኑ ውስጥ መቶ ሰው ነው የሚቀመጠው። ሶስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን ጥቁር አንበሳ የካንሰር ህክምና ጀምራለች፣ አላወቅሽም ይሆናል፣ አቅሟ የለም ግን እሁድ ለእማማ ሳልመጣ አልቀርም ብላኛለች። በዛ መድሀኒት ላይ ላለ ሰው ጉድፍ ሊገድል የሚችል ነገር ነው። አውሮፕላኑ ውስጥስ እንደሷ ያለ ሰው እንደሌለ በምን ታውቂያለሽ፣ ለህክምና የሚመላለስ ስንት ሰው አለ።

ሁሉንም ትቼዋለሁ እህትሽን ግን መተው አልችልም። ዘጠኝ ወሯን ገብታለች፣ ሀኪሟ ሶስት ሳምንት ቀርቷታል ብሏል። ጉድፍ ይዟት ያውቅ እንደሆነ እናትሽን ጠየቅኳት፣ አንዴ አዎ ትላለች አንዴ እሱ ኩፍኝ ነበር ትላለች፣ ልጅ ሆናችሁ ሽፍታ ሁሉ ኩፍኝ ነበር የሚባለው። ይሄ በሽታ ከያዘ በኋላ ከ10 እስከ 21 ቀን ድምፁን አጥፍቶ ይቆያል። ቅዳሜ ካቀፈችሽ የሚወጣባት ልክ መውለጃዋ ሰሞን ነው ማለት ነው። እናት ከመውለዷ አምስት ቀን ቀድሞ ወይም በወለደች በሁለት ቀን ውስጥ ሽፍታው ከወጣባት ህፃኑ ምንም መከላከያ ሳይደርሰው በሽታውን ይዞ ሊወለድ ወይ እንደተወለደ ሊይዘው ይችላል፣ አራስ ልጅ ላይ ደግሞ በጣም ክፉ ነው። ይሄን ሀኪም የሆነው ጓደኛዬን ዛሬ ሄጄ ጠይቄ ነው የምነግርሽ። እህትሽ ግን አንቺ እንዳትቀሪ ብላ እኔ ሌላ ቤት እሄዳለሁ ትላለች፣ የአያቷን አርባ ትታ፣ በዚህ ሆዷ! እሺ አላልኳትም።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለእናትሽም በደንብ ተናግሬው አላውቅም። አንቺ የአምስት ወር ልጅ እያለሽ ለስራ ድሬዳዋ ሄጄ ነበር። መመለሻዬ ቀን ሰውነቴ ጋለ፣ ጉንፋን ነው አልኩ፣ ፓራሲታሞል ውጬ ተሳፈርኩ፣ ማንም አልጠየቀኝም። ቤት ስገባ መጀመሪያ ያነሳሁት አንቺን ነው። በአምስተኛው ቀን ትንፋሽሽ መንሾክሾክ ጀመረ፣ ስድስት ሌሊት ኦክስጅን ላይ ነበርሽ። ከኔ ይሁን ከሌላ ማንም አላረጋገጠም፣ እኔ ግን ከማን እንደሆነ አውቃለሁ። አያትሽ ስድስቱንም ሌሊት ከአልጋሽ ስር ሳትነሳ አደረች፣ ሰሌን አንጥፋ። አንድ ቀን አንተ ነህ አላለችኝም። እኔም አልነገርኳትም፣ አሁን ሞተች።

እሷ ራሷ ቢሆን ምን እንደምትልሽ አላጣውም። ኩፍኝ ያለበት ቤት እንግዳ አይገባም ነበር በእሷ ዘመን፣ ዘመድ እንኳ ቢሆን ከደጅ ጠይቆ ነበር የሚመለስ፣ ያንን ደግሞ ማንም አይቀየምበትም ነበር። ህዳር 12 በመጣ ቁጥር ቆሻሻ አስጠርጋ ስታስጨስ ትዝ ይልሻል አይደል፣ ጭሱ አይናችሁ ገብቶ ስታማርሩ። በ1911 የህዳር በሽታ ያሉት ያ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ሲገባ ቀባሪ እስኪጠፋ ሰው እንዳለቀ ከእናቷ የሰማችውን ነበር የምትነግረን። በ2012ም መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ የተባለ ጊዜ ከሁላችን ቀድማ ሰው ልትስማት ሲመጣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ ማለት የጀመረች እሷ ናት፣ ትልቅ ሰው ሆና። እዛው ሰሞን ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል ስንቱን ወዳጃችንን በቤተሰብ ብቻ ቀበርን፣ ያኔ ያልመጣውን ሰው ዛሬ ማንም አይወቅሰውም።

ትልቋ አክስትሽ "አርባዋን እንኳ ሳትደርስ" ማለቷ አይቀርም። እሱን ለኔ ተዪው፣ እኔ መልስ እሰጣታለሁ፣ ካስፈለገም ድንኳኑ ውስጥ ቆሜ ልጄ ታማ ሰው እንዳታስይዝ ብላ ነው የቀረችው እላለሁ።

አሁን የሚደረገው ይሄ ነው። ነገ ጠዋት እዛ ያለው የጤና ምክር ስልክ 111 ላይ ደውለሽ አዋሪያቸው፣ ጉድፍ መሆኑን የሚል የሀኪም ወረቀት ከየት እንደማገኝ ንገሩኝ በያቸው። ከዛ አየር መንገዱ ጋ ደውለሽ ተላላፊ በሽታ ነው ብለሽ እቅጩን ተናገሪ፣ ወረቀት ሲኖር ትኬት ለማዞር ብዙ ጊዜ ይረዳል፣ ደብቀሽ ሄደሽ በር ላይ አይተው ቢመልሱሽ ግን መብታቸው ነው፣ ያኔ ትኬቱም ሊቃጠል ይችላል። ቅጣት ካለው ስትመጪ እዚህ በብር እሰጥሻለሁ፣ የእቁቤ ተራ ደርሷል ስለሱ አትጨነቂ። ለጋሼ የገዛሽላቸው የስኳር መለኪያው ወረቀት እንዳይዘገይባቸው በሚቀጥለው ቅዳሜ የሚመጣ የጓደኛዬ ልጅ አለ፣ ቁጥሩን እልክልሻለሁ፣ አንቺ ግን በር ላይ አስቀምጪለት እንጂ አታግኚው። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ብቻ፣ ሀኪም ካላዘዘሽ ኢቡፕሮፌን እንዳትነኪ። ደረትሽን ካፈነሽ ወይ ትንፋሽ ካጠረሽ ጠዋት እስኪሆን አትጠብቂ።

መምጫሽን ደግሞ ለክርስትናው እናድርገው። ወንድ ከሆነ በአርባ ቀኑ ሴት ከሆነች በሰማንያ፣ ያኔ በደንብ ድነሻል እህትሽም ታርሳ ተነስታለች። ከክርስትናው በፊት መቃብሩ ጋ እኔና አንቺ ብቻችንን እንሄዳለን፣ ሰው ሳይበዛ፣ የፈለግሽውን ያህል ታለቅሻለሽ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ድንኳኑ ሳይሞላ በቪዲዮ እደውልልሻለሁ፣ ልደታ ማርያም አንዱን ጧፍ ባንቺ ስም አበራለሁ። እናትሽ አጥሚት ታፍላ ትላለች፣ የአጃውን ዱቄት ባለፈው የላክንልሽ አለሽ አይደል። አሁን ተኚ፣ ጥፍርሽን አሳጥረሽ ቁረጪው፣ ቢያሳክክሽም አታክኪው።

አባትሽ