ስለ ሰረዝነው ጽሑፍ

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? አራት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ሳልጽፍልሽ የቆየሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም፤ አፍሬ ነው። ጽሑፋችን ከጆርናሉ እንዲሰረዝ ስጠይቅ «እስማማለሁ» ብለሽ ብቻ መለስሽልኝ። ያቺን ቃል እንደ ቁጣ ቆጠርኳት። ትናንት ደግሜ ሳነባት ቁጣ አላየሁባትም።

አንቺ ስታቲስቲክሱን ይዘሽ ስለነበር መሣሪያውን በዐይንሽ አላየሽውም፤ እኔም ምን እንደተፈጠረ በደንብ አላስረዳሁሽም። መለኪያው ከፀሐይ በቀጥታ የሚመጣውን ብርሃን ያነባል። አየሩ ላይ አቧራና ጭስ ሲበዛ ንባቡ ይቀንሳል። ግን ብርሃኑን የሚያሳልፈው ማጣሪያም ያረጃል፤ ሲያረጅ የሚያሳልፈው ብርሃን ከዓመት ዓመት ጥቂት በጥቂት ያንሳል፤ ያ ደግሞ በስሌት አቧራ የጨመረ ያስመስላል። መሣሪያውን በየዓመቱ ማመሳከር፣ ማለትም ንባቡ የሚሰላበትን ቁጥር ማደስ፣ የእኔ ድርሻ ነበር። የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት በአሮጌው ቁጥር አሰላኋቸው። «አቧራው ሳያቋርጥ ጨመረ» ብለን የጻፍነው የማጣሪያውን እርጅና ነበር።

ለምን ቸኮልኩ? ያኔ ሐሳቤ ሁሉ ኤች ኢንዴክሴ፣ ጽሑፎቼ ምን ያህል እንደተጠቀሱ የሚለካው ቁጥር፣ ላይ ነበር። 9 ነበር፤ 10 እንዲሆን፣ ማለትም 10 ጽሑፎቼ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ እንዲጠቀሱልኝ ቀንና ሌሊት እመኝ ነበር። የሥራ ዕድገትም የሚለካው በዚያ ነው። ይቅር በይኝ፤ ስምሽ ከስሜ ጋር ነበር።

ባለፈው ዓመት ሁሉንም ከሥሩ ጀምሬ ሠራሁት። ጥርት ባለ ጠዋት ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ ሳለች ብርሃኗ ብዙ አየር አቋርጦ ይደርሳል፤ ከፍ ስትል የሚያቋርጠው አየር ያንሳል። የንባቦቹን ሎጋሪዝም ከአየሩ ውፍረት ጋር በግራፍ አስቀምጠሽ መስመሩን አየር ወደሌለበት ዜሮ ስታራዝሚው፣ መሣሪያው ከከባቢ አየር ውጭ ቢሆን ኖሮ የሚያነበውን ቁጥር ታገኛለሽ። የላንግሊ ዘዴ የምንለው ይህ ነው። የረጋና ንጹሕ ሰማይ ይፈልጋል፤ ሌሎች መሣሪያዎች የሚመሳከሩባቸው ብዙ የማጣቀሻ መሣሪያዎች ሃዋይ፣ ማውና ሎዋ ላይ፣ 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ድረስ የሚወጡት ለዚሁ ነው።

አሜሪካዊው ሳይንቲስት ቻርልስ ኪሊንግ እ.ኤ.አ. በ1958 ካርቦን ዳይኦክሳይድን መለካት የጀመረው እዚያው ተራራ ላይ ነው። የመጀመሪያው ንባብ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 313 ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። በ1964 ገንዘብ አጥሮ ለጥቂት ወራት ተቋርጦ ነበር፤ ክፍተቱ በተለካው መዝገብ ላይ ዛሬም አለ። እንደተለካ ተመስሎ አለመደበቁ በጣም ደስ ይለኛል።

ከሁሉ በላይ ግን እንግሊዛዊውን ሳይንቲስት ጆሴፍ ፋርማንንና ባልደረቦቹን አስባለሁ። አንታርክቲካ፣ ሃሊ ጣቢያ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ኦዞን፣ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከልለን ጋዝ፣ ሲለካ ኖሯል። በኦክቶበር ወር 300 ዶብሰን (የኦዞን መለኪያ አሃድ) ገደማ የነበረው ወደ 200 ሲያሽቆለቁል መጀመሪያ የጠረጠሩት መሣሪያቸውን ነበር። በሌላ መሣሪያ ለክተው ያው ሲሆንባቸው፣ በ1985 ኔቸር በተባለው የሳይንስ ጆርናል ላይ አወጡት። በ1987 ኦዞንን የሚጎዱ ኬሚካሎችን የሚገድበው የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ። ያን ጽሑፍ ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ የእኔን ሦስት ዓመት ካወቅሁ ወዲህ ግን ሌላ ሆኖ ይነበበኛል።

የታረመው መስመራችን ጠፍጣፋ ነው። አቧራው አልጨመረም፣ አልቀነሰምም። ይህን ልናወጣው ይገባል እላለሁ፤ የተሳሳተውን አንብበው ሥራቸውን በእሱ ላይ የገነቡ ሰዎች አሉ። ስምሽን ግን ያለ ፈቃድሽ አላስገባም።

ረቂቁን አብሬ ልኬልሻለሁ። ከሁሉ አስቀድመሽ ሁለተኛውን ግራፍ እዪልኝ። በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ ከሌሎቹ ከፍ ብለው የቆሙ ሦስት ነጥቦች አሉ፤ ስስ ደመና ያለፈባቸው ይመስለኛል፣ ግን ብቻዬን ላወጣቸው አልደፈርኩም።

የማትረሳሽ ጓደኛሽ