«የአሜሪካ ፍርድ ቤት ወሰነ» ስትሉን የትኛው እንደሆነም ንገሩን

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። የአሜሪካ ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤቶችን ውሳኔ መዘገባችሁ ደስ ይለኛል፤ እዚህ አሜሪካ ያለነው ብዙዎቻችን ኑሯችን የሚነካው በነሱ ነውና። ግን «የአሜሪካ ፍርድ ቤት ወሰነ» የሚል ርዕስ ሰጥታችሁ ስታበቁ ዋናው ነገር ይቀራል። የትኛው ፍርድ ቤት? በማን ጉዳይ? ከመቼ ጀምሮ?

እነዚህ ፍርድ ቤቶች 13 ናቸው። 12ቱ አገሩን በአካባቢ ተከፋፍለው ይዘውታል፤ አንዱ እንደ ፓተንትና የጉምሩክ ንግድ ያሉ ጉዳዮችን ከመላ አገሪቱ ይሰበስባል። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዳኞች ናቸው የሚቀመጡት። የአንዱ ውሳኔ ሌላውን አያስገድድም። ሳን ፍራንሲስኮ ያለው ዘጠነኛው ሰርኪዩት (እያንዳንዱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሰርኪዩት ይባላል) የፈረደው ለሎስ አንጀለስና ለሲያትል ሰው ሕግ ነው፤ ለሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግና ለቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ሰው ግን ጠበቃው እንደ ድጋፍ ሊጠቅሰው ይችል ይሆናል እንጂ ከዚያ አያልፍም። የእኛ ሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ ያለው አራተኛው ሰርኪዩት ነው።

ጥገኝነት ለጠየቀ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም። ይግባኙ የሚሄደው የኢሚግሬሽን ዳኛው ጉዳዩን ወደጨረሰበት ሰርኪዩት ነው። ሆኖም «ካሊፎርኒያ ጥሩ ውሳኔ ወጣ» የተባለ ቀን እዚህ ስለ ቤት መቀየር የሚያወራ ሰው አይጠፋም። ኬዙ እዚህ ካለቀ በኋላ ቤት ቢቀይር ይግባኙ አብሮት አይሄድም። ይግባኝ ለማለት ያለው ጊዜም ከመጨረሻው የማስወጣት ትእዛዝ ጀምሮ 30 ቀን ብቻ ነው። ይግባኝ ስለተባለ ደግሞ ዲፖርቴሽኑ በራሱ አይቆምም፣ እግድ ለብቻው መጠየቅ አለበት። አዲስ ማስረጃ ይዞ መቅረብም የለም፤ ዳኞቹ የሚያዩት ከታች የመጣውን መዝገብ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ከዜናው ግርጌ በሁለት መስመር ብትጽፉት ስንቱን ሰው በጠቀማችሁ!

ሌላው፣ ፍርድ ቤቱ በትክክል ምን እንዳለ። ኡበር የምንነዳ ሰዎች ኤርፖርት ተሰልፈን ተራ ስንጠብቅ የማንሰማው ወሬ የለም። በ2020 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የጻፍኩት) ሦስተኛው ሰርኪዩት በፊላደልፊያ የኡበር ብላክ (የኡበር የቅንጦት መኪና አገልግሎት) ሾፌሮች ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ እኛ ጋ ሲደርስ «ሾፌሮች ቅጥር ሠራተኛ ናቸው ተባለ» ሆኖ ነበር። አልተባለም። የታችኛው ዳኛ ጉዳዩ ለጁሪ ሳይቀርብ ለኡበር ፈርዶ ዘግቶት ነበር፣ ይግባኝ ሰሚው «አይ፣ የሚያከራክር ፍሬ ነገር አለ፣ ይታይ» ብሎ መለሰው። ይኸው ነው። በ2024 ጁሪ ፊት ሲቀርብ ደግሞ ጁሪው መስማማት አቃተው።

የታሪፉም ነገር እንደዚያው ነው። ኦገስት 2025 የፌዴራል ሰርኪዩቱ (ከመላ አገሪቱ ይሰበስባል ያልኩት) በሦስት ሳይሆን በ11 ዳኞች ተሰይሞ፣ 7 ለ 4 በሆነ ድምፅ የትራምፕን ትልልቅ ታሪፎች ሕጉ አይፈቅድም አለ። ግን መንግሥት ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲሄድ ጊዜ ሰጥቶ እስከ ኦክቶበር 14 ውሳኔው እንዳይፈጸም አቆየው። ርዕሱን ብቻ አንብቦ በማግስቱ ዕቃ ያስመጣ ነጋዴ ታሪፉን ከፍሎ ነው የወጣው።

በጣም የሚያንገበግበኝ ግን የኪዳኔ ጉዳይ ነው። ኪዳኔ በክሱ ላይ የተጠቀመበት ስም እንጂ እውነተኛ ስሙ አይደለም። ኢትዮጵያ የተወለደ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አሜሪካዊ ዜጋ ነው። ክሱ እንደሚለው በ2012 መጨረሻ አካባቢ በኢሜይል የደረሰውን ፋይል ሲከፍት ፊንስፓይ የሚባል፣ ለመንግሥታት የሚሸጥ የስለላ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ውስጥ ገባ። ለወራት የስካይፕ ንግግሩን እየቀዳ፣ ቤተሰቡ ኮምፒውተሩ ላይ የሚሠራውን ሳይቀር እየመዘገበ ወደ ኢትዮጵያ ይልክ ነበር። ሰውየው የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። ማርች 2017 የዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ክሱን ዘጋው።

ያኔ ብዙ ሰው «ፍርድ ቤት መንግሥትን ነፃ አወጣ» ሲል ሰምቻለሁ። ግማሹ እየጨፈረ፣ ግማሹ እየተራገመ። ዳኞቹ ግን ተሰልሏል ወይስ አልተሰለለም የሚለውን አልመረመሩም። ያዩት ክሱ እዚህ መቅረብ ይችላል ወይ የሚለውን ብቻ ነው። የ1976ቱ የውጭ መንግሥታት ያለመከሰስ ሕግ አንድ በር ይከፍታል፦ ጉዳቱም ድርጊቱም ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ ከተፈጸመ መክሰስ ይቻላል። ፋይሉ የተከፈተው ሜሪላንድ ቢሆንም ነገሩ የተጠነሰሰው ውጭ ነው አሉና በሩን ዘጉት። እንግዲህ አስቡት፤ ሰላዩ እዚሁ መጥቶ ቤቱን ሰብሮ ቢገባ ክሱ መንገድ ያገኝ ነበር፣ በኢሜይል ስለገባ ግን ቀረ። እኔ በበኩሌ አልተዋጠልኝም።

እንግሊዝ አገር በ2024 በዚያው በፊንስፓይ የተሰለሉ የባሕሬን ተቃዋሚዎች ጉዳይ ሲመጣ የእዚያው ይግባኝ ሰሚ ተቃራኒውን ነው ያለው። ኮምፒውተሩ እንግሊዝ ውስጥ እስካለ ድረስ፣ ከውጭ ሆኖ እሱን መነካካት እዚያው እንደተፈጸመ ድርጊት ይቆጠራል አለ። ሕጎቻቸው አንድ አይነት እንዳልሆኑ ይገባኛል። ቢሆንም ለንደን ላለው ወገናችን ይሄ ትልቅ ዜና ነው፣ በአማርኛ በደንብ ተብራርቶ ሲወጣ ግን አላየሁም።

ውሳኔዎቹ በነፃ ከድረ ገጽ ይወርዳሉ። የፍርድ ቤቱና የዳኞቹ ስም ፊት ለፊት አለ፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ጸና፣ ተሻረ ወይም ወደ ታች ተመለሰ የሚል ታገኛላችሁ። እነዚህን ሁለት ነገሮች ዜናው የመጀመሪያ አንቀጽ ላይ አድርጉልን። የኪዳኔን ውሳኔ ደግሞ ከነምክንያቱ በአማርኛ ብታወጡት አሥር ኮፒ ገዝቼ ኤርፖርት የኡበር ሰልፉ ላይ አድላለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከሜሪላንድ