ሰማዩ ሳይጠቁር

ውድ ልጄ፣

እንዴት ነሽ? ቤቱን ለመድሽው? ባለፈው በስልክ «ንፋስ ሲነሳ ጣሪያው ይንኳኳል» ብለሽኝ ነበር። አንቺ እንደ ቀላል ነገር አንስተሽ አለፍሽው፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ እዚያው ነው። ከባድ የንፋስና የዝናብ ማዕበል ሳይመጣ ቤትሽን እንዴት እንደምታዘጋጂ በቃል ብነግርሽ ግማሹን ስለምትረሺው ጻፍኩልሽ።

የሚንኳኳ ጣሪያ የላላ ነገር አለበት። ብዙ ሰው ንፋስ ጣሪያን ከላይ የሚጫነው ይመስለዋል። የሚያደርገው ግን ተቃራኒውን ነው፤ በላዩ ሲያልፍ ወደ ላይ ይስበዋል። በጣም የሚሳበው ደግሞ ዳርና ማዕዘኑ ነው። ቆርቆሮው ከዳር ብድግ ካለ ንፋሱ ከስር ይገባና ሌላውን ይገነጥለዋል። የንፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ «አምናም ችሎታል» ብለሽ አትዘናጊ።

ደረቅ ቀን መርጠሽ ባለሙያ ጥሪ። አንቺ ራስሽ እንዳትወጪ፣ አደራ። ከዳር ያሉትን ሚስማሮች አንድ በአንድ እንዲያይ ንገሪው። አናቱ ከቆርቆሮው የተነሳ፣ ከስሩ ያለችው ጎማ ደርቃ የተሰነጠቀች፣ ቀዳዳው ዝጎ የሰፋ ከሆነ ያንኑ ሚስማር መልሶ መምታት ዋጋ የለውም። የሰፋ ቀዳዳ አይዝም። አጠገቡ ጤነኛ ቦታ ላይ ጎማ ባለው ብሎን ይሰር፤ አሮጌው ቀዳዳ ይደፈን። ከዚያ አንድ ነገር ጠይቂው፦ የጣሪያው እንጨት ከግድግዳው ጋር በምን ተያይዟል? ቆርቆሮው የቱንም ያህል ቢጠብቅ፣ እንጨቱ ግድግዳው ላይ እንዲሁ ከተቀመጠ ጣሪያው ከነእንጨቱ ይሄዳል። በብረት ማሰሪያ ይታሰር። ለዚህ የምታወጪውን ገንዘብ አትሳሺ፤ ከሁሉም በፊት ይሄ ይቅደም።

መስኮትና በርም የጣሪያው ጉዳይ ናቸው። «መስኮት ክፈቱ፣ ንፋሱ ይውጣ» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አትስሚያቸው። የገባ ንፋስ ጣሪያውን ከውስጥ ሽቅብ ይገፋዋል፣ ከላይ ያለው ደግሞ ይስበዋል። ሁሉም ጥርቅም ብሎ ይዘጋ። መስታወት ላይ ፕላስተር መለጠፍም ከመሰበር አያድነውም። መከለያ ከሌለው ወፍራም ኮምፔንሳቶ በልኩ አስቆርጪና ቀዳዳውን ከአሁኑ አስበጂ፤ ዝናቡ ከጀመረ በኋላ መሰርሰሪያ ፍለጋ አይኬድም።

ግቢሽን ደግሞ በንፋሱ ዓይን እይው። ወንበር፣ ባልዲ፣ የተረፈ ቆርቆሮ፣ ሁሉም ሲበር መስታወት ይሰብራል፣ ሰው ይጎዳል። ወደ ውስጥ አስገቢ ወይም እሰሪ። የውሃ ታንከሩን ሙይው፤ ባዶውን ንፋስ ይጥለዋል፣ ሲሞላ ግን ይከብዳል፣ ውሃም ይሆንሻል። ቤቱ ላይ ያዘነበለ ደረቅ ቅርንጫፍ ካለ ይቆረጥ። አሸንዳውም ይጠረግ።

ለመጠጥና ለንጽሕና ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያህል ውሃ አስቢ፣ ቢያንስ ለ3 ቀን። ባትሪ፣ ቻርጅ የተደረገ ፓወር ባንክ፣ መድኃኒት፣ በላስቲክ የታሸጉ ሰነዶች አንድ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጡ። ሻማውን ተይው፤ በዚያ ግርግር እሳት አያስፈልግሽም።

አሁን የምጽፍልሽን ሁለቴ አንብቢው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ቤት ውስጥ፣ በረንዳ ላይ ወይም መስኮት ስር እንዳታስነሺ። ከሰልም ቤት ውስጥ አታንድጂ። የሚወጣው ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም፤ ሰውን በእንቅልፉ ይወስዳል። ማዕበሉ ካለፈ በኋላ እንኳ በዚህ የሚሞቱ አሉ፣ ያውም ቤታቸው ምንም ሳይሆን። ጄኔሬተሩ ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፣ ጭሱም ወደ ውጭ ይዙር።

ማዕበሉ ሲጀምር ከመስኮት ራቂ፤ ምድር ቤት ወይም ታችኛው ፎቅ ላይ መስኮት የሌለው የውስጥ ክፍል ግቢ። ጎርፍ ካሰጋ ግን ከፍ ያለ ቦታ ይሻላል። ቲቪና ፍሪጅ መብረቁ ሳይቀርብ ከሶኬት ይነቀሉ። ብልጭታው ከታየ እስከ ነጎድጓዱ ቁጠሪ፤ 3 ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 30 ሰከንድ ሳይሞላ ካጉረመረመ ውጭ አትቆዪ፣ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላም 30 ደቂቃ ታገሺ።

ካለፈ በኋላ ለማየት አትቸኩዪ። የወደቀ የመብራት ሽቦ የሞተ ቢመስልም አትጠጊው። በኃይል የሚፈስ ውሃ ደግሞ ጥልቀቱ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ትልቅ ሰው ይጥላል፤ በመኪናም አትሞክሪው።

የዚያን ዕለት ለመደወል አትታገዪ፣ መስመሩ ይጨናነቃል። አጭር መልእክት ግን ብዙ ጊዜ ያልፋል። «ደህና ነኝ» ብለሽ ላኪልኝ፣ ይበቃኛል።

እናትሽ