ፈረስ ላም አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው እሑድ ስለ መዥገር ማጥፊያ ኬሚካሎች ያወጣችሁትን ዘገባ እኛ የሐዋሳ ባለጋሪዎችም አንብበነዋል። አዎ፣ ጋዜጣ እናነባለን፤ ጸሐፊው ካልሰማ ይስማ።

ዘገባውን በሙሉ ልነቅፍ አልተነሣሁም። ዳያዚኖንን የለመደ መዥገር በአሚትራዝ ሊረግፍ እንደሚችል በአግባቡ ተገልጿል፤ ሁለቱ መድኃኒቶች መዥገሩን የሚያጠቁበት መንገድ ይለያያልና። 12.5 በመቶ የሆነው አሚትራዝ በአንድ ሊትር ውሃ 2 ሚሊ ሊትር ይበጥበጥ መባሉም ለከብት ትክክል ነው። ነገሩን ያበላሸችው ከዚያ ቀጥላ የመጣችው ሐረግ ናት፤ «ለሁሉም የቤት እንስሳት»።

አሚትራዝ ፈረስ ላይ አይረጭም። የአንጀቱን እንቅስቃሴ ያደክመዋል፤ የበላው ሁሉ ትልቁ አንጀት ውስጥ ደርቆ ይቆማል። ፈረስ ደግሞ እንደምታውቁት (ወይም እንደማታውቁት) አያስታውክም።

ባለፈው ክረምት በሠፈራችን ላሞችን ሲረጭ የነበረ ሰው አጠገባቸው የታሰረውን ፈረሴን «አንዴ ከተበጠበጠ አይቀር» ብሎ ከአንገት እስከ ጭራው አራሰው። ተው ብለው «ሐኪሙ አንተ ነህ?» አለኝ። በማግሥቱ ፈረሱ ፍሩሽካውን አልነካም። አንገቱን አዙሮ ጎኑን ያያል፣ በፊት እግሩ መሬቱን ይጭራል፣ ፋንድያ የሚባል ነገር ጠፋ። እውነተኛው ሐኪም በአፍንጫው ቱቦ አስገብቶ ዘይት ባያጠጣልኝ ኖሮ ዛሬ የምጽፍላችሁ ሌላ ደብዳቤ ነበር። ጥቁር ውሃ ከሚባለው ሠፈር ጭነት የማመላልስበት ጋሪ ቆሞ ሰነበተ፤ የዕቁቡ ዳኛ ግን አልቆመልኝም።

ፎቶግራፋችሁስ? ሰውየው የእንስሳውን ጀርባ ያጥባል። በፈረስ ላይ የሚበዛው እግረ ቀዩ መዥገር ሲያድግ ጅራት ሥር ይጣበቃል፤ ጫጩቶቹ ጆሮ ውስጥ ይደበቃሉ። ጀርባው ላይ ምን ይሠራል? ጅራት ሳይነሣ፣ ጆሮ ሳይታይ ይረጭና «መድኃኒቱ አልሠራም» ይባላል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ድብልቁ ይወፍራል። መዥገሩ እዚያው ነው። ጉዳቱ ለእንስሳው ይተርፋል።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን መደምደሚያችሁ ነው፦ «ችግሩ የአርቢዎች የግንዛቤ ማነስ ነው»። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! የጻፈው ጋዜጣ፣ የረጨው ባለሙያ ነኝ ባይ፣ ግንዛቤ የጎደለው ባለጋሪው። ለፈረስ የሚሆኑ እንደ ሳይፐርሜትሪን ያሉ መድኃኒቶች አሉ፤ ዘጋቢው አንድ የእንስሳት ሐኪም ቢጠይቅ ይነግረው ነበር።

ስለዚህ ማረሚያ ይውጣ፤ ያውም ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ እንጂ ከሙት ዓመት ማስታወቂያ ሥር አይደለም። «ከፈረስ፣ ከበቅሎና ከአህያ በስተቀር» ብሎ መጨመር ብዙ ቀለም አይፈጅም። ፎቶግራፍ ካስፈለጋችሁ ደግሞ መናኸሪያው አጠገብ ሞልተናል፤ ጅራቱን እኔ አነሣላችኋለሁ።

አንድ ባለጋሪ፣ ከሐዋሳ