የወደቁበትን ፈተና ደብቁ አትበሏቸው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅርቡ ስለ አብራሪነት ሥራ ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ በጭነት አየር መንገድ ለመቀጠር ቃለ መጠይቅ የሚቀርቡ ወጣቶች ሊዘጋጁባቸው ይገባል ተብለው የተዘረዘሩትን ነጥቦች በጥሞና አንብቤአለሁ። ስለ አለባበስ፣ ሰዓት ስለ ማክበርና የኩባንያውን ታሪክ አስቀድሞ ስለ ማወቅ የተሰጠው ምክር ተገቢ ነው። ነገር ግን በጽሑፉ መካከል ያለው «ያልተጠየቁትን ድክመት አያንሡ» የሚለው ምክር አሳስቦኛል፤ ብዕር እንዳነሣ ያደረገኝም እሱ ነው። እኔ ለረጅም ዓመታት የጭነት አውሮፕላን ያበረርሁ፣ በሥራ ዘመኔ ማብቂያም ከቀጣሪዎች ጋር ተቀምጬ አመልካቾችን የጠየቅሁ ሰው ነኝ። ከሁለቱም ወገን ሆኜ ካየሁት ተነሥቼ የምመሰክረው፣ በዚህ ቃለ መጠይቅ ከምንም በላይ የሚመዝነው አመልካቹ ስለ ወደቀበት ፈተና የሚናገረውና ጠያቂዎቹ ያንን ከሰሙ በኋላ የሚያደርጉት መሆኑን ነው።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። እ.ኤ.አ. የካቲት 23 ቀን 2019 ከማያሚ ወደ ሂውስተን ጭነት ይዞ ይበር የነበረ የአትላስ ኤር ቦይንግ 767 አውሮፕላን ቴክሳስ ውስጥ ትሪኒቲ ቤይ በተባለ ጥልቀት የሌለው የባሕር ወሽመጥ ላይ ወድቆ በውስጡ የነበሩት ሦስቱም ሰዎች ሞቱ። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ባደረገው ምርመራ፣ አውሮፕላኑ ለማረፍ ዝቅ እያለ ሳለ፣ ማረፍ ሲታጠፍ ወደ ላይ ለመመለስ የሚያገለግለው «ጎ አራውንድ» የተባለው ሥርዓት ሳይታሰብ እንደ ተነካ፣ የሞተሩ ጉልበት በድንገት ሲጨምርም ረዳት አብራሪው የአውሮፕላኑ አፍንጫ ወደ ሰማይ የቀና መስሎት መሪውን ወደ ታች እንደ ገፋ ተረጋግጧል። ሥርዓቱ ከተነካበት ቅጽበት አንሥቶ አውሮፕላኑ ውኃው ላይ እስከ ወደቀበት ድረስ ያለው ጊዜ ከግማሽ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ቦርዱ ዋና አብራሪው በወቅቱ መሪውን አለመረከቡንም በምክንያትነት ጠቅሷል።

ለዚህ ደብዳቤ ዋናው ቁም ነገር ግን የተከሰተው ከበረራው ብዙ ቀደም ብሎ፣ በቅጥሩ ጊዜ ነው። ረዳት አብራሪው ቀድሞ በሠራባቸው ድርጅቶች በሥልጠና ላይ ተደጋጋሚ ችግር ነበረበት። ሥልጠናቸውን ሳይጨርስ የለቀቃቸውን ሁለት ቀጣሪዎችም በማመልከቻው ላይ ሆን ብሎ አልገለጸም። በሌላ ቀጣሪው ዘንድ ወደ ዋና አብራሪነት ለማደግ ሞክሮ ሳይሳካለት መቅረቱም በመዝገብ ላይ የነበረ ቢሆንም፣ የኋላ ታሪኩን የመመልከቱ ሥራ ለወኪሎች ተትቶ ስለ ነበር ጉዳዩን በሙያ ዐይን የመረመረው ሰው አልነበረም። በዚህ አንድ ጉዳይ ውስጥ ሁለት ጥፋቶች ተገናኝተዋል፤ አመልካቹ ደበቀ፣ ጠያቂውም በእጁ ያለውን ወረቀት አላነበበም።

ጉዳዩ የጭነት አየር መንገዶች ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ ቀዳሚ ታሪክም አለ። እ.ኤ.አ. የካቲት 12 ቀን 2009 በቡፋሎ ከተማ አቅራቢያ የወደቀው የኮልጋን ኤር የመንገደኞች አውሮፕላን 50 ሰዎችን ሲገድል፣ የዋናው አብራሪ የቀድሞ የፈተና ውድቀቶች ሁሉ በማመልከቻው ላይ እንዳልተጻፉ ታውቋል። ከዚያ አደጋ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የአብራሪዎች መዝገብ ሁሉ በአንድ ቋት እንዲሰበሰብ ቢያዝም፣ የማስፈጸሚያው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። የትሪኒቲ ቤይ አደጋ የደረሰው በእነዚህ 11 ዓመታት መካከል ሲሆን፣ መርማሪዎቹም መዘግየቱን ከአስተዋጽኦ አድራጊ ምክንያቶች እንደ አንዱ ቆጥረውታል። ይህን ለሚያውቅ ሰው «ድክመትህን አታንሣ» የሚለው ምክር እንዴት እንደሚከብድ አዘጋጁ እንዲረዱልኝ እለምናለሁ።

የፈተና ውድቀት በራሱ አብራሪን ብቃት የሌለው አያደርገውም። ብዙ ጥሩ አብራሪዎች በሥልጠና ዘመናቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ወድቀዋል፤ እኔም አንዱ ነኝ። በወጣትነቴ አንድ ሞተር ጠፍቶ በመሣሪያ ብቻ እየተመራሁ ለማረፍ በተፈተንሁበት ዕለት አቅጣጫዬን መጠበቅ ተስኖኝ ወደቅሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ለቃለ መጠይቅ ስቀርብ አንድ ወዳጄ ነገሩን እንዳልጽፈው አጥብቆ መክሮኝ ነበር፤ እኔም ሌሊቱን ሙሉ ሳወጣና ሳወርድ አድሬ በማመልከቻው ላይ ጻፍሁት። ከጠያቂዎቹ መካከል በዕድሜ የገፉት ካፒቴን ወረቀቱን አይተው የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «በማግሥቱ ምን አደረግህ?» የሠራሁትን ስሕተት፣ አስተማሪዬ ያስተካከለልኝን የእግር መሪ አጠቃቀምና በድጋሚው ፈተና እንዴት እንዳለፍሁ ዘርዝሬ ነገርኋቸው። በኋላ እኔም በጠያቂነት ስቀመጥ ያንን ጥያቄ ያልጠየቅሁት አመልካች የለም። ወድቆ ምክንያቱን በትክክል የሚያውቅ ሰውና አስተማሪውን፣ የአየሩን ጠባይና ዕድሉን የሚወቅስ ሰው የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

እውነቱን ተናግሮ ያልተቀጠረ አመልካች መኖሩንም መሸሸግ አልፈልግም። አንዲት ወጣት አብራሪ በአንድ ሞተር ማረፍን አጥፎ ወደ ላይ በመመለስ ልምምድ ሁለት ጊዜ መውደቋን ገልጣ ነገረችን፤ በሲሙሌተር፣ ማለትም በምድር ላይ ባለው የበረራ መለማመጃ ማሽን፣ ስንፈትናትም ችግሩ ገና እንዳልለቀቃት አየን። በዚያ ዙር አልተቀበልናትም፤ ነገር ግን የቀራትን በጽሑፍ አድርገን ሰጠናት። ከሁሉ በላይ ያዘንሁት፣ ከእሷ በኋላ የገባው፣ ምንም እንከን የሌለበት መዝገብ ያቀረበ አመልካች ከቀድሞ አሠሪው በመጣ ደብዳቤ ሦስት ውድቀቶችን መደበቁ ሲገለጥ ነው። በችሎታ ረገድ ከእሷ ይሻል ነበር ማለት ይቻላል፤ እንዲቀጠር ግን ፊርማዬን አላኖርሁም።

ይህ ጥያቄ በጭነት በረራ ይበልጥ የሚከብደው በሥራው ጠባይ የተነሣ ነው። የጭነት አውሮፕላን አብራሪዎች ከኋላቸው የሚነግራቸው አስተናጋጅም፣ የሚጮህ መንገደኛም የላቸውም፤ ከግድግዳው በስተጀርባ ያለው ሌሎች ሰዎች ያሰሩትና ያሸጉት ዕቃ ነው። በበርካታ የጭነት አውሮፕላኖች ዋናው ወለል ላይ እሳት ቢነሣ የሚረጭ የማጥፊያ ጋዝ የለም፤ መፍትሔው የአየሩን ዝውውር መዝጋት፣ የውስጡን ግፊት ለቆ እሳቱን ኦክስጅን ማስራብና በፍጥነት ማረፍ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 3 ቀን 2010 ከዱባይ የተነሣው፣ የአሜሪካው ጭነት አመላላሽ የዩፒኤስ ቦይንግ 747 አውሮፕላን፣ ከተነሣ ከ22 ደቂቃ ገደማ በኋላ የእሳት ማስጠንቀቂያ ሲሰማ በጭነቱ ውስጥ እሳት ሊያስነሡ የሚችሉ የሊቲየም ባትሪዎች ነበሩበት። ዶሃ ይቀርብ የነበረ ቢሆንም አብራሪዎቹ ወደ ዱባይ ተመለሱ፤ ጭሱ መሣሪያዎቹን ጋረደባቸው፣ የዋና አብራሪው ኦክስጅን ተቋረጠ፣ ሁለቱም ሞቱ። የሞቱትን ሰዎች ለመውቀስ አላነሣሁትም። በዚያች ክፍል ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ስለ ሆኑ፣ አንዱ ለሌላው ያየውንም ያላወቀውንም ሳይሸሽግ መናገር እንዳለበት ለማሳየት ነው። በቃለ መጠይቅ ፊት ለፊት ተጠይቆ የራሱን ጉድለት የሚደብቅ ሰው፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ካፒቴን፣ አልገባኝም» ይላል ብዬ ለማመን ይቸግረኛል።

ከጭነቱ ጋር የተያያዘውም ጥያቄ ከዚሁ አይርቅም። አመልካቾችን፦ «በረራው ዘግይቷል፤ የጫኞቹ ኃላፊ ሁሉም ታስሯል ብሎ ፈርሞልሃል፤ አንተ ግን አንድ የተበጠሰ ማሰሪያ አየህ፤ ምን ታደርጋለህ?» ብዬ እጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 29 ቀን 2013 አፍጋኒስታን ውስጥ ካለው የባግራም አየር ማረፊያ የተነሣው የናሽናል ኤርላይንስ ቦይንግ 747 አምስት ከባድ የጦር ተሽከርካሪዎችን ጭኖ ነበር። ከመነሣቱ አስቀድሞ አንድ ማሰሪያ ተበጥሶ መገኘቱን አብራሪዎቹ ሲነጋገሩበት በድምፅ መቅጃው ተሰምቷል። ሲነሣ ቢያንስ አንዱ ተሽከርካሪ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ የሃይድሮሊክ መስመሮችን (መቆጣጠሪያዎቹን የሚያንቀሳቅሰው ፈሳሽ የሚያልፍባቸውን ቧንቧዎች) እና የጅራቱን ማረጋጊያ የሚያንቀሳቅሰውን ክፍል ሰባበረ፤ ሰባቱም ሰዎች አለቁ። የምርመራው ቦርድ ዋናውን ጥፋት ለከባድ ጭነት የተዘጋጀው የአስተሳሰር መመሪያ በቂ ባለመሆኑ ላይ አሳርፏል። ስለዚህ እኔ ከአመልካቹ የምጠብቀው መልስ «መመሪያውን እከተላለሁ» የሚል ብቻ አይደለም፤ «መመሪያው ይህን ጭነት እንደሚመለከት እርግጠኛ እስክሆን አልነሣም፤ ወርጄም በዐይኔ አያለሁ» የሚለውን ነው።

ስለ ድካም የሚነሣው ጥያቄም አለ፤ ይህ እኔን በግል የነካኝ ነው። የጭነት በረራ በአብዛኛው የሌሊት ሥራ ነው፤ ዕቃው ማታ ተረክቦ ጠዋት መድረስ አለበትና። የሰው ንቃት ደግሞ ከሌሊቱ ስምንት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ በጣም ዝቅ ይላል። በአንድ ቃለ መጠይቅ ላይ «ደክሞህ ሳለ ኩባንያው ብረር ቢልህስ?» ተብዬ «አልበርም» ስል፣ ጠያቂዬ ማኅደሬን ዘግቶ አመሰገነኝና ዳግመኛ አልጠራኝም። ቂም የለኝም፤ ጥያቄው ግን በትክክለኛው መልስ ሰውን የሚጥል ከሆነ አለመጠየቁ ይሻል ነበር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 14 ቀን 2013 ጎሕ ሳይቀድ በበርሚንግሃም፣ አላባማ ለማረፍ ሲቃረብ የወደቀው የዩፒኤስ ኤርባስ ኤ300 ሁለቱን አብራሪዎች ሲገድል፣ መርማሪዎቹ ድካምን ከምክንያቶቹ መካከል አስቀምጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ላይ በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የአሜሪካ የአብራሪዎች የዕረፍት ደንብ የጭነት አብራሪዎችን ነፃ ማድረጉ፣ ማለትም ጥበቃውን ለእነሱ አለመስጠቱ፣ እስከ ዛሬ ያስቆጨኛል። ደንቡ ያልጠበቀውን አብራሪ የሚጠብቀው «ደክሞኛል» ለማለት ያለው ድፍረትና ያንን የሚቀበለው አለቃ ነው፤ ሁለቱም የሚታወቁት በቅጥሩ ቀን ነው።

ስለ ሲሙሌተሩ ፈተና ብዙ ማለት አያስፈልገኝም፤ አውቶፓይለት የተባለው አውሮፕላኑን በራሱ የሚመራው መሣሪያ ጠፍቶ በእጅ ማብረርን፣ ሞተር ሲጠፋ መቆጣጠርንና ከባልደረባ ጋር ሥራ መከፋፈልን ይመዝናል፤ የሚዘጋጅበትም ሰው ያልፈዋል። የበረራ ሰዓት ብዛትም ቢሆን በር ለመክፈት እንጂ ሰውን ለመለካት አይበቃም። ለአየር መንገድ አብራሪነት ፈቃድ የሚጠየቀው 1,500 ሰዓት ቢሆንም፣ በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ የተፈጸመውን ስሕተትና እርማት መዝገቡ አይናገርም።

ለቀጣሪዎች የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የማመልከቻው ቅጽ «የወደቁበትን ፈተና ወይም ያቋረጡትን ሥልጠና ሁሉ ይጻፉ» ሲል፣ ከሥሩ «ውድቀቱ ብቻውን ከውድድር አያሰናክልዎትም፤ መደበቁ ግን ያሰናክልዎታል» የሚል ይጻፍበት፤ ጠያቂዎቹም ቃላቸውን ይጠብቁ። የቀድሞ አሠሪዎች መዝገብ ደግሞ ለአስተዳደር ሠራተኛ ወይም ለውጭ ወኪል ብቻ አይተው፤ ራሱ ያስተማረና የፈተነ ካፒቴን ቁጭ ብሎ ያንብበው፤ ያልገባውንም በቃለ መጠይቁ ላይ ይጠይቅ። አንድ ዓይነት ስሕተት በተለያየ ቦታ ሲደጋገም የሚያየው እንዲህ ያለ ሰው ነው። አንድ ጊዜ መውደቅና በጫና ሥር ሁልጊዜ በአንድ መንገድ መደናገጥ እጅግ የተለያዩ ናቸው።

ለጋዜጣችሁ ደግሞ የማቀርበው ልመና አጭር ነው። ያንን ምክር በሚቀጥለው እትም እንድታርሙትና አመልካቾች የሥልጠና መዝገባቸውን ቅጂ አስቀድመው አውጥተው፣ እያንዳንዱን ውድቀት ከቀኑና ከእርማቱ ጋር በራሳቸው ቃል ለማስረዳት እንዲዘጋጁ እንድትነግሯቸው ነው። ጽሑፋችሁን አንብበው በሚቀጥሉት ሳምንታት ቃለ መጠይቅ የሚቀርቡ ይኖራሉና፣ እርማቱ ሳይዘገይ ቢወጣ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ጡረታ የወጣ የጭነት አውሮፕላን ካፒቴን